«አታሟርት!» ላልሽኝ ልጄ

ልጄ፣

ባለፈው እሁድ ሰማያዊውን ፋይል ከመሳቢያ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ፊትሽ ልውጥ አለ። «እኔ ድንገት አንድ ነገር ብሆን» ብዬ ሳልጨርስ ጆሮሽን በሁለት እጅሽ ያዝሽ። «ኧረ አባዬ ተው! አታሟርት!» ብለሽ ብድግ አልሽ። ቦርሳሽን አንጠለጠልሽ፣ ግንባሬን ሳምሽኝ፣ ወጣሽ። እናትሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «አንተ ደግሞ ጊዜ አትመርጥም» አለችኝ። ልክ ናት። ከምሳ በኋላ የሚወራ ወሬ አልነበረም።

ደውዬ ልነግርሽ አሰብኩ። ግን ስልኩን ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ይሻላል። ሲከብድሽ አጥፈሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሌላ ቀን ታነሺዋለሽ።

«አታሟርት» በማለት አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ጌታችን ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ መከራ እንደሚቀበል፣ እንደሚገደልም ለደቀ መዛሙርቱ በግልጽ መናገር ሲጀምር ጴጥሮስ ነጠል አድርጎ ወሰደው። «አይሁንብህ ጌታ ሆይ፣ ይህ ከቶ አይደርስብህም» አለው። በእኛ አማርኛ «ኧረ አታሟርት!» ማለቱ ነው። ከፍቅር ነው ያለው፣ እንደ አንቺው። ጌታ «ወደ ኋላዬ ሂድ፣ አንተ ሰይጣን» ብሎ እንደመለሰለት ታውቂያለሽ። አይዞሽ፣ እኔ ያንን አልልሽም።

ግን አንድ ነገር ልብ በይ። ጴጥሮስ የሰማው «ይገደላል» የሚለውን ብቻ ነው። «በሦስተኛው ቀን ይነሣል» የሚለውም እዚያው ንግግር ውስጥ ነበር። አላዳመጠውም። ጆሮውን የያዘ ሰው መልካሙም ወሬ ያመልጠዋል።

ስሙን ስንጠራው የሚመጣ ይመስለናል። ሞት ግን ሳይጠሩትም ይመጣል። ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ ብደብቀው አንድ ቀን አይጨመርልኝም፤ ባወጣውም አይቀነስብኝም።

ለምን እንደከበደሽ አውቃለሁ። እኩያሽን ከቀበርሽ ገና አራት ወርሽ ነው። አብራችሁ የተማራችሁ፣ ልብስ የተዋዋሳችሁ ልጅ። ቀብሩ ላይ አንዲት ሴትዮ «እግዚአብሔር ወዷት ነው የወሰዳት፣ አታልቅሺ» ሲሉሽ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ክፋት አልነበረባቸውም። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ በጣም ነው የተናደድኩት። አልዓዛር በሞተ በአራተኛው ቀን ጌታ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ ያውቅ ነበር። ትንሽ ቆይቶ «አልዓዛር ሆይ፣ ወደ ውጭ ና» ብሎ እንደሚጠራው ያውቃል። እያወቀም አለቀሰ። «አታልቅሱ፣ አሁን አስነሣዋለሁ» አላለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ሞትን ወዳጅ ብሎ አልጠራውም። «የኋለኛው ጠላት» ነው ያለው። ስለዚህ አልቅሺ። ያስለቀሰሽ ጠላት ነው። የሚሻር ጠላት ነው፤ እስኪሻር ድረስ ግን ጠላት ነው።

አሁን ያልነገርኩሽን ነገር ልንገርሽ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። መጨረሻው ደህና ነው።

ባለፈው ዓመት አንገቴ ላይ ትንሽ እብጠት ወጣብኝ። ሐኪሙ ነካ ነካ አደረገና ፊቱ አላማረኝም። ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ከስምንት ቀን በኋላ ነው ተባልኩ። ለእናትሽ ብቻ ነገርኳት። ላንቺ ልንገራት አትንገራት ስንባባል ፈተና ላይ ነበርሽና ተውነው።

እነዚያ ስምንት ቀናት ዓይኔ ላይ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ወረቀት ሳገላብጥ ዋልኩ። ሰማያዊው ፋይል የተወለደው ያኔ ነው። አራተኛው ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጣራውን እያየሁ ያሰብኩት ስለ ቤቱም ስለ ገንዘቡም አልነበረም። አጎትሽ ነበር የሚመጣብኝ። በውርስ ቤት የተነሣ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዳልተነጋገርን ታውቂያለሽ። ሁለታችንም «እሱ ይምጣ» እያልን ነበር።

በአምስተኛው ቀን ሄድኩ። ደጁ ላይ ቆሜ ሁለት ጊዜ ልመለስ ዞሬያለሁ። አንኳኳሁ። እሱ ራሱ ከፈተ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። «ይቅር በለኝ» ብቻ አልኩ። ዝም ብሎ አየኝና «ግባ፣ በር ላይ አትቁም» አለኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላነሣንም። ስለ ጉልበቱ ሕመም ነገረኝ። ስለ አንቺ ጠየቀኝ። ሰባት ዓመት የፈጀው ነገር ከበሩ እስከ ወንበሩ ባለው ርቀት አለቀ።

በስምንተኛው ቀን «ምንም አይደለም፣ ደህና ነህ» አሉኝ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ለእግዚአብሔር ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ በየቅዳሜው ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ አልኩ።

ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ኳስ ነበረ። አራተኛው ላይ ደከመኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ ሰላም መባባል ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ እሱም ቀረ። ኮሪደሩ ላይ ያለቀሰው ሰውዬ የት እንደገባ አላውቅም። «ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል» ይላሉ የድሮ ሰዎች። እኔ ላይ ለመምሰል ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የፈጀበት።

ስለዚህ ደብዳቤው ከጠቢብ አባት የመጣ እንዳይመስልሽ። ያወቀውን ነገር መልሶ ከረሳ ሰው ነው የመጣው።

ከዚያ ወዲህ የይሁዳን ንጉሥ የሕዝቅያስን ታሪክ ሳነብ እያመመኝ ነው የማነበው። ታስታውሺዋለሽ፣ በልጅነትሽ ጥላው ወደ ኋላ የተመለሰበትን ክፍል ትወጂው ነበር። ሕዝቅያስ ታመመ። ነቢዩ ኢሳይያስ መጥቶ ቤትህን አስተካክል፣ ትሞታለህ አለው። እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ፣ ጸለየ። ኢሳይያስ ከግቢው ሳይወጣ መልሱ ደረሰ። 15 ዓመት ተጨመረልህ ተባለ። እዚህ ጋ ነው ሰው ሁሉ መጽሐፉን የሚያጥፈው። ደስ ይላላ! ስብከቱም እዚህ ያልቃል።

ቀጥሎ ያለውን ግን አንብቢ። ከባቢሎን እንግዶች መጡ። ተሽሎት ነበርና ገጸ በረከት ይዘው ነው የመጡት። ሕዝቅያስ ግምጃ ቤቱን ከፍቶ ብሩን፣ ወርቁን፣ ሽቱውን፣ የጦር ዕቃውን ሁሉ አሳያቸው። ያላሳያቸው ነገር አልነበረም ይላል። ኢሳይያስ ተመልሶ መጣና ይህ ሁሉ አንድ ቀን ወደ ባቢሎን ይወሰዳል፣ ከልጆችህም ይወስዳሉ አለው። ንጉሡ ምን ቢል ጥሩ ነው? የተናገርከው የእግዚአብሔር ቃል መልካም ነው አለ። ቀጥሎም በእኔ ዘመን ሰላም ከሆነ ምን ቸገረኝ የሚመስል ነገር ጨመረ። ለራሱ ሕይወት ወደ ግድግዳ ዞሮ ያለቀሰ ሰው ለልጆቹ መማረክ አንድ እንባ አላፈሰሰም።

ቁጥሩንም አስቢው። ሕዝቅያስ ሞቶ ልጁ ምናሴ ሲነግሥ 12 ዓመቱ ነበር። እንግዲህ ምናሴ የተወለደው በተጨመሩት 15 ዓመታት ውስጥ ነው። ይህ ምናሴ ደግሞ 55 ዓመት ነገሠ፤ አባቱ ያፈረሰውን የጣዖት መስገጃ ሁሉ መልሶ ሠራ። ሕዝቅያስ መጥፎ ንጉሥ አልነበረም፣ ከጥሩዎቹ አንዱ ነው። ጸሎቱም እውነተኛ ጸሎት ነበር። ግን ተጨማሪ ዕድሜ ተጨማሪ ጥበብ ይዞለት አልመጣም።

እኛ ስንመራረቅ «ዕድሜ ለንስሐ ይስጥህ» እንላለን። እንዴት ያለ ምርቃት ነው! ስለምደው ይሁን አላውቅም፣ ጆሮዬ ለብዙ ዓመት የሚሰማው «ዕድሜ» የሚለውን ብቻ ነበር። «ለንስሐ» የሚለው በአሜን ተሸፍኖ ያልፋል። ከስምንቱ ቀን በኋላ የተሰጠኝ ዕድሜው ነበር። ንስሐውን ራሴ ነኝ በሦስት ሳምንት የበተንኩት።

በሕዝቅያስ ላይ ደግሞ እንዳልከፋ አንድ ነገር ልጨምር። ማቴዎስ የጌታችንን የትውልድ ሐረግ ሲጽፍ ሕዝቅያስ ምናሴን ወለደ ብሎ ያልፋል። ያ የሚያሳፍረው ልጅ መስመሩ ውስጥ አለ። ያበላሸናቸውን ዓመታት እንኳ እግዚአብሔር አይጥላቸውም። ይህን ለራሴ ነው የጻፍኩት።

90ኛው መዝሙር (በሌላው አቆጣጠር 89ኛው ነው) የሙሴ ጸሎት ይባላል። ዘመናችን 70 ዓመት፣ ብንበረታ 80 ነው ይላል። ዕድሜያችንን መቁጠር አስተምረን ብሎ ይለምናል። 70 ዓመት በቀን ሲመነዘር 25,550 ነው። እኔ በ61 ዓመቴ ከ22 ሺህ በላይ ጨርሻለሁ። አንቺ በ27 ዓመትሽ 10 ሺህ ሊሞላሽ ጥቂት ቀርቶሻል። አንድ ምሽት ካልኩሌተር ይዤ ይህን ሠርቼ ስደነግጥ እናትሽ ሣቀችብኝ። «የቀረህን ማን ነግሮህ ነው የምትቀንሰው?» አለችኝ። ትክክል ነበረች። ሙሴ የቀረንን መቀነስ አስተምረን አላለም። የቀረውን ማንም አያውቅም። መቁጠር የሚቻለው እጅ የገባውን ነው። ዛሬን አንድ ብሎ መቁጠር።

ወደ አንቺ ልመለስ። ጓደኛሽ ካረፈች በኋላ ሁለት ነገር አስተውያለሁ። አንደኛው፣ ሞት የሚለውን ቃል መስማት አትፈልጊም። ሁለተኛው፣ በነገር ሁሉ «ሕይወት አጭር ናት» ትያለሽ። ሁለተኛ ዲግሪሽን ልታቋርጪው እንደሆነ ስጠይቅሽም መልስሽ እሱው ነበር። «ሕይወት አጭር ናት አባዬ፣ ምን አባቱ!»

አጭር መሆኗን አልክድም። ግን «የመጨረሻ ቀንህ እንደሆነ አድርገህ ኑር» የሚባለውን ምክር ብዙም አልወደውም። ዛሬ የመጨረሻ ቀኔ ቢሆን ሳህን አላጥብም፣ ጥርሴን አላሳክምም፣ ችግኝ አልተክልም። እንደዚያ ተብሎ አንድ ሳምንት አይዘለቅም።

ነቢዩ ኤርምያስን እዪው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ጦር ተከባለች። እሱ ራሱ ከተማዋ ትወድቃለች በማለቱ በዘበኞች አደባባይ ታስሯል። የአጎቱ ልጅ መጣና መሬቴን ግዛኝ አለው። ጠላት የረገጠውን መሬት! ኤርምያስ 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ውሉን ጻፈ፣ ምስክር አቆመ። ከዚያ ለጸሐፊው ለባሮክ ውሉን በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑረው፣ ብዙ ዘመን ይቆይ ዘንድ አለው። በዚህች ምድር ገና ቤትና እርሻ ይገዛል ብሎ እግዚአብሔር ነግሮታላ። ከተማዋ እንደምትወድቅ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው ሰው ነው መሬት የገዛው። እኔ ሸክላ የለኝም፣ ሰማያዊ ፋይል ነው ያለኝ። ነገሩ ግን ያው ነው።

ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሙታን የማይነሡ ከሆነ እንብላ እንጠጣ፣ ነገ እንሞታለንና ይላል። ያንቺ «ምን አባቱ» እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ትንሣኤ ከሌለ እኔም እስማማለሁ፣ ምን አባቱ። እሱ ግን ረጅሙን የትንሣኤ ምዕራፍ «ሞት ሆይ፣ መውጊያህ የት አለ?» እስኪል ካደረሰው በኋላ የሚዘጋው በሥራ ነው። ድካማችሁ በጌታ ከንቱ አይደለምና ጠንክሩ ብሎ። በቀጣዩ መስመር ደግሞ ስለ ገንዘብ መዋጮ ይጀምራል። መጀመሪያ ሳየው ከሰማይ ወድቆ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። አሁን አሁን በጣም ደስ ይለኛል። መቃብር ባዶ ከሆነ መዋጮም ትርጉም አለው፣ ሳህን ማጠብም፣ ያንቺ ጥናትም። ትምህርቱን ከጠላሽው ተይው፣ አልቆጣም። በጓደኛሽ ሞት ምክንያት ግን አታቋርጪው። እሷ አታቋርጪ ነበር የምትልሽ።

«ከሞቱ አሟሟቱ» ሲባል የሰው አእምሮ ወደ አልጋውና ወደ ሕመሙ ነው የሚሄደው። እኔ ግን የጳውሎስን አሟሟት ነው የምመኘው። የተገደለበትን ሰይፍ ማለቴ አይደለም። ለጢሞቴዎስ የጻፈውን ሁለተኛውን መልእክት መጨረሻ ማለቴ ነው። መልካሙን ገድል ተጋድያለሁ፣ ሩጫውን ጨርሻለሁ ይላል። ሊሞት መሆኑን ያውቀዋል። ወዲያው ደግሞ ምን ይላል መሰለሽ? ስትመጣ በጢሮአዳ አክርጳ ቤት የተውኩትን በርኖስ አምጣልኝ። መጻሕፍቱንም፣ በተለይ በብራና የተጻፉትን። ከክረምት በፊት ለመምጣት ሞክር። በርዶታል። ማንበብም ያምረዋል። ሰውም ናፍቆታል። አክሊሉን እየጠበቀ ያለ ሰው በርኖሱን አልረሳም።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ይጠቅመኛል ይላል። ማርቆስ ማለት መንገድ ላይ ጥሏቸው የተመለሰው፣ በእሱም የተነሣ ጳውሎስና በርናባስ ተጣልተው የተለያዩበት ያው ማርቆስ ነው። መቼ እንደታረቁ አልተጻፈም። በሩ ላይ ማን ቀድሞ እንዳንኳኳ አናውቅም። መጨረሻ ላይ ግን ጳውሎስ ማየት ከሚፈልጋቸው ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አጎትሽ ትዝ ይለኛል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ልሄድ ነው። ኳስ ቢኖርም።

እንግዲህ ሳትሰሚኝ የሄድሽውን ልጨርስ። ፋይሉ ከታች በኩል ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው። የቤቱ ካርታ አለበት፣ የባንክ ደብተሮቹም። ያለብኝ ዕዳ በአንድ ገጽ ተጽፏል፤ ብዙ አይደለም፣ አትሸበሪ። ሰው ላይ ያለኝን ብድር አልጻፍኩትም። ማንንም እንድትጠይቂ አልፈልግም። የስልኬ ፓስወርድም አለ፤ እሱን አይተሽ ትስቂያለሽ።

የት እንደምቀበር ምንም አልጻፍኩም። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ እናት ሞኒካ ለራሷ ከባሏ አጠገብ መቃብር አዘጋጅታ ነበር፤ ብዙ ታስብበት ነበር ይባላል። በ387 እ.ኤ.አ. ግን ከአገሯ ርቃ፣ ሮም አጠገብ ባለችው በኦስትያ ወደብ ታመመች። ያኔ ልጆቿን ይህን ሥጋ የትም ቅበሩት፣ አትጨነቁበት፣ በጌታ መሠዊያ ፊት ብቻ አስታውሱኝ አለቻቸው። እኔም ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ከሁሉም በታች አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ። የሰዎች ስም ነው። ይቅርታ ልጠይቃቸው የሚገቡ ሰዎች። ዘጠኝ ነበሩ፤ አራቱን ሰርዣለሁ። አንዱ ስም ያንቺ ነው። የ15 ዓመት ልጅ ሳለሽ በሰው ፊት የተናገርኩሽን ታስታውሺው ይሆናል። እኔ አልረሳሁትም። በደብዳቤ ብቻ ማለፍ አልፈልግም። ስትመጪ ዓይንሽን እያየሁ ልበልሽና በራስሽ እጅ ትሰርዢዋለሽ።

በቶሎ ነይ። ባለፈው የወሰድሽውን ግራጫ ሹራቤንም አምጪልኝ፣ ብርዱ ሳይገባ።

አባትሽ